ያለ ደወል መማር፤ የርቀትና የኦንላይን ተማሪ ጊዜውን እንዴት ይያዝ?

ትምህርት ቤት ገብቶ የሚማር ሰው ጊዜውን ሌላ ሰው ይይዝለታል። ደወል ይደወላል፣ መምህር ይገባል፣ ስም ይጠራል፣ የፈተናው ቀን ተቆርጦ ይነገረዋል። በርቀት ወይም በኦንላይን የሚማር ሰው ግን ደወሉም፣ ስም ጠሪውም፣ ተቆጣጣሪውም ራሱ ነው። ዛሬ ባያነብ «የት ነበርክ?» የሚለው የለም። ስለዚህ የርቀት ትምህርት ከሁሉ በፊት የሚፈትነው የተማሪውን የጊዜ አያያዝ ነው ብንል ከእውነቱ የራቅን አይመስለንም።

ይህ ጉዳይ የእኛን ሙያ በተለይ ይመለከታል። በሀገራችን እጅግ ብዙ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ከሠርተፍኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማም ወደ ዲግሪ የደረሱት ቀን እያስተማሩ፣ በክረምትና በርቀት እየተማሩ ነው። ቀድሞ ሞጁሉ በወረቀት ታትሞ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም፣ በኢሜይልና በኮምፒዩተር ይመጣል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ የመደበኛው ተማሪም ሳይወድ በግዱ የርቀት ተማሪ ሆኖ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ትምህርት ተሠራጨ። መሣሪያ የነበራቸው ተማሪዎች ሁሉ ግን እኩል አልተማሩም። ትምህርቱ በእጅ ላይ መኖሩና ትምህርቱን መማር ለየቅል መሆናቸውን ያን ጊዜ አየነው።

በውጭው ዓለምም ያለው ይኸው ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና ኤምአይቲ በኦንላይን ለዓለም ሁሉ የከፈቷቸውን ኮርሶች መዝገብ ይዘው ሁለት ተመራማሪዎች ያጠኑት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር። በ2017–18 የትምህርት ዓመት ከተመዘገቡት ሁሉ ኮርሱን የፈጸሙት 3.13 ከመቶ ብቻ ናቸው። ለምስክር ወረቀት ገንዘብ ከከፈሉት መካከል እንኳ የፈጸሙት 46 ከመቶ ነበሩ። እንግዲህ መመዝገብ ቀላል፣ መጨረስ ግን ከባድ የሆነው ለእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከዚህ በታች በተራ ቁጥር እናያለን።

ሀ/ በመጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ

«ጊዜ የለኝም» የሚለው አነጋገር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከሻይ ቀጥሎ የሚቀርብ ነገር ሆኗል። እውነት ጊዜ የለም ወይ? እስቲ እንቁጠረው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ቤቱ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ የሚያስተምረው ገርጂ አካባቢ የሆነ አንድ መምህር እንውሰድ፤

1ኛ/ እንቅልፍ፣ በቀን 7 ሰዓት፦ 49
2ኛ/ ማስተማር፣ ዝግጅትና እርማት፣ በሳምንት 5 ቀን 8 ሰዓት፦ 40
3ኛ/ መንገድና ሰልፍ፣ በቀን 2 ሰዓት፦ 10
4ኛ/ መመገብና መታጠብ፣ በቀን 2 ሰዓት፦ 14
5ኛ/ የቤት ሥራና ልጆች፣ በቀን 3 ሰዓት፦ 21
6ኛ/ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ዕድር፣ ዘመድ ጥየቃ፦ 10

ድምሩ 144 ሰዓት ይመጣል። የቀረው 24 ሰዓት ነው። ጊዜ አለ ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህን 24 ሰዓት እንዳለ ለጥናት መመደብ ስህተት ነው። ለቅሶ ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል፣ መብራት ይጠፋል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ ሰውም ይደክመዋል። እንግዲህ ግማሹን ማለትም 12 ሰዓት ለጥናት መድበን፣ ግማሹን ለመጠባበቂያ ብናስቀምጥ ከአቅማችን ጋር የሚሄድ ይሆናል።

ቀጥሎ የትምህርቱን ክብደት እንመዝን። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ኢሲቲኤስ 27 የሥራ ሰዓት ተብሎ ይሰላል። ስለሆነም የ5 ኢሲቲኤስ ኮርስ 135 ሰዓት ይጠይቃል ማለት ነው። ይህ በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 8 ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። አንድ ኮርስ ከያዝን 12 ሰዓታችን ይበቃናል፤ ይተርፈናልም። ሁለት ከያዝን በሳምንት 17 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ከመጠባበቂያው 5 ሰዓት መውሰድ ግድ ይሆናል። ሦስት ከያዝን ግን ከ25 ሰዓት በላይ ይሆናል። ለቅሶ የለም፣ መብራት አይጠፋም፣ ልጅ አይታመምም ብለን 24ቱን ሰዓት ሙሉ በሙሉ ብንሰጥ እንኳ አይበቃም!

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ገና በምዝገባው ቀን ነው። «ቶሎ ልጨርስ» ብሎ አራት አምስት ኮርስ ይይዛል፣ ክፍያውን ይከፍላል፣ ከዚያ ሁሉንም በግማሽ ይተዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ከመመዝገብ በፊት ይህን ሂሳብ በራስ ሰዓት መሥራት ከገንዘብ ኪሳራም፣ ከሞራል ውድቀትም ያድናል። በነገራችን ላይ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ተቋሙና ፕሮግራሙ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያላቸው መሆኑን ማጣራትም የዚሁ የምዝገባ ቀን ሥራ ነው።

ለ/ የማን ሰዓት? የማን ቀን?

ይህ ነጥብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሙሉ አሳይመንት ሠርቶ ዜሮ የሚያስገኝ ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን እንቆጥራለን፤ ፈረንጆች ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ። በመሆኑም በውጭ ተቋም የሚማር ሰው «ማስረከቢያው እሁድ 11:59 ፒኤም» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት።

አንደኛ፣ የየት ሀገር ሰዓት ነው? የአዲስ አበባ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር እሁድ ሌሊት 5 ሰዓት ከ59 ነው። በዓለም አቀፉ ማመሳከሪያ ሰዓት ማለትም በዩቲሲ ከሆነ እኛ በሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ሌሊት 8 ሰዓት ከ59 ይሆናል። የኒው ዮርክ ከሆነ ደግሞ በእነሱ ክረምት ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ከ59፣ በእነሱ በጋ ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ከ59 ነው። አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዘዋውሩ፣ እኛ ግን ስለማናዘዋውር ነው ልዩነቱ የሚመጣው።

ሁለተኛ፣ ቀኑ በማን አጻጻፍ ነው? «5/10» የሚል ጽሑፍ ለአሜሪካዊ ሜይ 10 ማለትም ግንቦት 2 ነው። ለእንግሊዛዊ ኦክቶበር 5 ነው፤ ይህም በአብዛኛው ዓመት መስከረም 25 ላይ ይውላል። ለእኛ ሰው ደግሞ ሰኔ 5 ነው። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ቀን!

ሦስተኛ፣ ያን ሰዓት እኛ ምን እያደረግን ነው? ሌሊት 8 ሰዓት ከ59 ላይ ማንም በጤና አያስረክብም። ስለዚህ የራሳችንን ማስረከቢያ ከተቋሙ ማስረከቢያ 24 ሰዓት ቀድመን እንወስን። ያኔ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ መብራት ቢሄድ አንድ ቀን በእጃችን ይኖራል። የኮርሱን ቀናት ሁሉ መጀመሪያ በተሰጠን ሳምንት ወደ እኛ ቀንና ሰዓት ገልብጠን፣ በትልቅ ወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ስልክ ውስጥ የተደበቀ ቀን ይረሳል፤ ግድግዳ ላይ ያለ ግን ዘወትር ያያል፣ ዘወትር ይታያል።

ሐ/ መንገድ፣ መብራትና ኔትወርክ

በምሥራቅ አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች ጊዜያችንን የሚበላውን እናውቀዋለን። ከአያት በሲኤምሲና በጉርድ ሾላ አድርጎ ወደ መገናኛ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ትልቅ ዕፎይታ ነበር። ያም ሆኖ የመገናኛ ሰልፍ ዛሬም ሰልፍ ነው። ይህን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም፤ ነገር ግን ጥቅም ላይ ማዋል ይቻላል።

በሰልፍና በታክሲ ውስጥ አዲስ ምዕራፍ ለማንበብ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል ሐሳቡ ይበተናል። ለዚህ ጊዜ የሚስማማው ክለሳ ነው። ወፍራም ወረቀት በትናንሹ ቆርጦ በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በሌላ በኩል መልስ ጽፎ በኪስ መያዝ ነው። ጥያቄውን አይቶ፣ መልሱን በሐሳብ ተናግሮ፣ ከዚያ ገልብጦ ማረጋገጥ። ወረቀት ባትሪ አይጨርስም፤ በግርግር መካከል ስልክ አውጥቶ ሌባ ከመጋበዝም ያድናል።

መብራትና ኔትወርክን በተመለከተ ደንቡ አንድ ነው፦ ሳይቃጠል በቅጠል። በኔትወርክ የሚሠራውንና ያለ ኔትወርክ የሚሠራውን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። ማውረድ፣ መላክና መምህር መጠየቅ ኔትወርክ ይሻሉ፤ ማንበብ፣ ማስታወሻ መያዝ፣ አሳይመንት መጻፍ ግን አይሹም። እንግዲያው የሳምንቱን ቪዲዮና ጽሑፍ በአንድ ቀን፣ ለምሳሌ ዋጋው በሚቀንስ የሌሊት ጥቅል ወይም ነፃ ዋይፋይ ባለበት ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ላይ አውርዶ መጨረስ ነው። ቪዲዮውን በዝቅተኛ ጥራት ማውረድ ለትምህርት ይበቃል፤ የመምህሩ ፊት ቢደበዝዝ የሚጎድል ዕውቀት የለም። በብዙ ኮርሶች የንግግሩ ጽሑፍ ከቪዲዮው ጋር ስለሚቀመጥ፣ ጽሑፉን ብቻ አውርዶ ማንበብ ካርድም ጊዜም ይቆጥባል። ስልኩ ከተጫነው በኋላ ዳታውን ማጥፋት ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው፤ ካርድ አይበላም፣ የቲክቶክና የቴሌግራም ጥሪም አይመጣም።

መ/ ተቀምጦ መዋልና ማጥናት

ሦስት ሰዓት መጽሐፍ ላይ አፍጥጦ የዋለ ሁሉ አጠና አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1955 ፓርኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ ሁሉ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል ሲል ጽፎ ነበር። «ዛሬ ማታ አጠናለሁ» ያለ ሰው ማታው ያልቅበታል። «ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ የምዕራፍ 3 የመጀመሪያ አምስት ገጽ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ» ያለ ግን ይጨርሳል። ጊዜው፣ ቦታውና መጠኑ ተለይቶ ይታወቅ። ለደከመ ሰው 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ ማረፍ ጥሩ ልክ ነው፤ ሁለት ሰዓት እያንቀላፉ ከመቀመጥ ይበልጣል።

ስለ አጠናን ደግሞ በሙያችን የታወቀ ዘዴ አለ። ሮቢንሰን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው መጽሐፍ አምስት እርምጃ አስቀምጧል፦ ቃኝ፣ ጠይቅ፣ አንብብ፣ በቃልህ በለው፣ ከልስ። መጀመሪያ የምዕራፉን ርዕሶች ማየት፣ እያንዳንዱን ርዕስ ወደ ጥያቄ መለወጥ፣ መልሱን ፍለጋ ማንበብ፣ መጽሐፉን ዘግቶ በራስ አነጋገር መመለስ፣ በመጨረሻም ከቀናት በኋላ መከለስ ነው።

ከአምስቱ ብዙዎቻችን የምንዘልለው አራተኛውን ነው፤ ዋናው ግን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፋፍለው አንድ ጽሑፍ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ በሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 ከመቶ ለ71። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 40 ከመቶ፣ ሳያዩ ያስታወሱት 61 ከመቶ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ «ገብቶኛል» የሚያሰኝ ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን ሳምንት አይቆይም።

ይህ ለእኛ ሀገር እንግዳ ነገር ነው ወይ? ከቶ አይደለም። በቆሎ ትምህርት ቤት ቀን ቀን ንባብ ይነበባል፤ ማታ ማታ ደግሞ መብራት በሌለበት የቃል ትምህርት ይባላል። ጨለማ ስለሆነ ተማሪው መጽሐፍ ሊሰርቅ አይችልም፤ ከራሱ ማውጣት አለበት። በቁርኣን ቤትም ልጁ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የጻፈውን በቃሉ ብሎ ለመምህሩ ካላሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም። አባቶቻችን በሥራ ያወቁትን ተመራማሪዎች በቁጥር አረጋገጡት ማለት ይቻላል። እንግዲህ መብራት የጠፋበት ምሽት የጠፋ ምሽት አይደለም! ሞጁሉን ዘግቶ «ዛሬ ምን ተማርኩ?» ብሎ አንድ በአንድ ለመዘርዘር ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

ክለሳው ደግሞ ይዘርዘር እንጂ በአንድ ሌሊት አይከመር። ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ካጠና ከአንድ ቀን በኋላ የቀረለት አንድ ሦስተኛ ገደማ እንደነበር አሳይቷል። በማግሥቱ፣ በሳምንቱ፣ በወሩ አጭር አጭር ክለሳ ማድረግ የፈተና ዋዜማ ሌሊት ሙሉ ከማፍጠጥ እጅግ ይበልጣል።

ሠ/ የጥናት ዕቁብ

የርቀት ተማሪ ትልቁ ችግር ብቸኝነት ነው። ጥያቄ ሲይዘው የሚጠይቀው፣ ሲሰንፍ የሚገስጸው የለም። ለዚህ ችግር በእጃችን ያለ መድኃኒት አለ፤ ዕቁብ መጣል እናውቃለን። አንድ ኮርስ የያዙ አራት ወይም አምስት ሰዎች የጥናት ዕቁብ ይግቡ። በየሳምንቱ አንዱ ምዕራፉን ለሌሎቹ ያስተምር፤ ዕጣው የደረሰው ያ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው ሁለት ጥያቄ ይዘው ይምጡ፤ መዋጮው እሱ ነው። የሚያስተምረው ሰው ከሁሉ የበለጠ ያጠናል፤ ለእኛ ለመምህራን ደግሞ ይህ ራሱ የሙያ ልምምድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል በአካል መገናኘት ቢቻል መልካም፤ ባይቻል በስልክ ይሁን። ዕቁብ የደረሰው ሰው ቀጥሎ አልከፍልም እንደማይል ሁሉ፣ እዚህም ተራውን አስተምሮ የሚጠፋ አባል አይኑር።

ረ/ ቤተሰብና ጥናት

ስለ ጊዜ ስንናገር አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ከላይ በሂሳቡ ላይ ለቤት ሥራና ለልጆች በቀን 3 ሰዓት ብለናል። ለብዙ ሴት መምህራን ግን ይህ ቁጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ፣ ልጅ ማስጠናት፣ እንግዳ መቀበል ሁሉ በእሷ ላይ ነው። ባልየው «ጎበዝ፣ ተማሪ» ብሎ ማበረታታቱ ብቻ አንዲት ሰዓት አይጨምርላትም። ሁለት ማታ ራቱን እሱ ሠርቶ ልጆቹን ቢያስተኛ ግን በሳምንት ስድስት ሰዓት ያህል ይሰጣታል። ስለዚህ ከምዝገባ በፊት ቤተሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ ማን ምን እንደሚሠራ፣ የትኛው ሰዓት የጥናት እንደሆነ ይነጋገር። ለልጆችም ይነገራቸው፤ እናትና አባት ሲያጠኑ ማየት ለልጅ ጥሩ ትምህርት ነው። ለቅሶና ሕመምተኛ ጥየቃ አይቀርም፤ መቅረትም የለበትም። መጠባበቂያውን የያዝነው ለዚሁ ነው። ነገር ግን የሁልጊዜ ቡናና ወሬ ሁሉ ግዴታ አይደለም።

ሰ/ በገንዘብ የሚሠራ አሳይመንት

በመጨረሻ አንድ ደስ የማይል ነገር እናንሳ። ጊዜ ያጠረው ተማሪ አሳይመንቱን በገንዘብ ያሠራል፤ አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጽፎ ስሙን ብቻ ይጽፍበታል። «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ወረቀቱን ላግኝ እንጂ» ይላል። መሣሪያውን ያልገባንን እንዲያስረዳን መጠየቅ ነውር የለበትም፤ በእኛ ፈንታ እንዲያስብ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላ ሙያ ቢሆን ኪሳራው የባለቤቱ ነው ይባል ይሆናል። የእኛ ግን እንደዚያ አይደለም። የሒሳብ ማስተማር ዘዴን ሳይማር ያለፈ መምህር፣ ክፍልፋይ ያልገባው የአራተኛ ክፍል ልጅ ፊት ይቆማል። ልጁ አልገባኝም ሲል የሚለው ያጣል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ከምክንያቶቹ መካከል በእጃችን ያለው አንዱ ይህ ነው፦ የምናስተምረውን በእውነት መማር። አንድ ኮርስ ዘግይቶ መጨረስ አያሳፍርም፤ ሳያውቁ ቀድሞ መጨረስ ግን ያሳፍራል።

እንግዲህ ውድ የሙያ ጓደኞቻችን፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንሥራ። የራሳችንን 168 ሰዓት በወረቀት ላይ እንጻፍ። የያዝናቸውን ኮርሶች ሰዓት ደምረን ከተራፊው ጋር እናስተያይ፤ ከበለጠ አንዱን ለሚቀጥለው ሴሚስተር እናቆይ። የማስረከቢያ ቀኖችን ወደ እኛ ሰዓት ገልብጠን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። የጥናት ዕቁብ መግባት የምትፈልጉ ደግሞ የኮርሳችሁን ስምና የሚመቻችሁን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ሥር ለጥፉ፤ አንድ ዓይነት ኮርስ የያዙትን እናገናኛለን።